ቅጣቱ የሚያበቃው የት ላይ ነው? ቀላል የወንጀል መዝገብ፣ ሥራና የእኩልነት ሕግ በቂርያት ማላኪ

በእስራኤል የወንጀል መዝገብን የሚመለከተው ሕግ ስሙን የተዋሰው ከጥንት የሃይማኖት ሊቃውንት ድንጋጌ ነው። «ታካናት ሐሻቪም» የሚባለውና በአማርኛ «የተመላሾች ድንጋጌ» ሊባል የሚችለው ይህ ሐሳብ በሚሽና ውስጥ ጊቲን በተባለው ክፍል ይገኛል። በድንጋጌው መሠረት አንድ ሰው የሰረቀውን ተሸካሚ እንጨት በቤቱ ውስጥ ገንብቶበት ከተገኘ፣ ቤቱን አፍርሶ ያንኑ እንጨት እንዲመልስ አይገደድም፤ ዋጋውን ከፍሎ ቤቱ እንደቆመ ይቀጥላል። ሊቃውንቱ ይህን የደነገጉት ከጥፋት የመመለስ ዋጋው ቤትን ማፍረስ ከሆነ የሚመለስ ሰው እንደማይገኝ ስለተረዱ ነው። በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የወንጀል መዝገብና የተመላሾች ድንጋጌ ሕግም ሆነ፣ በ2019 ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ የተካው አዲሱ የወንጀል መረጃና የተመላሾች ድንጋጌ ሕግ ይህንኑ ስም ተሸክመዋል።

ስሙና ሥራው ምን ያህል ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ ግን በቂርያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ በሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የየዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው። ቂርያት ማላኪ በ1950ዎቹ መባቻ ከካስቲና የስደተኞች መጠለያ፣ ማለትም ከ«ማዓባራ»፣ የተነሣችና ስሟንም የረዷትን የሎስ አንጀለስ አይሁዳውያን ለማሰብ «የመላእክት ከተማ» ብላ ያወጣች ከተማ ስትሆን፣ ከነዋሪዎቿ መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ድርሻ በአገሪቱ ካሉት ከተሞች ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በዙሪያዋ ባሉት በቲሞሪምና በቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች፣ ራቅ ሲልም በአሽዶድ ወደብና በጥበቃ ድርጅቶች ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ በአሥራ ስምንት ወይም በሃያ ዓመቱ የተከፈተበት «ቲክ»፣ ማለትም የፖሊስ ፋይል፣ ከዓመታት በኋላ በቅጥር ጠረጴዛ ላይ ሊጠብቀው ይችላል። ፍርድ ቤት የበየነው ቅጣት መቀጮም ይሁን የኅብረተሰብ አገልግሎት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ መዝገቡ የሚያስከትለው ቅጣት ግን ዳኛ ያልወሰነው፣ መጠኑ ያልተነገረና ማብቂያው ለተቀጪው በግልጽ የማይታወቅ ነው። በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ደግሞ ይህ ሁለተኛ ቅጣት ተጨማሪ ክብደት አለው፤ መዝገቡ ራሱ ብዙ ጊዜ የተወለደው እኩል ካልሆነ የፖሊስ አያያዝ ነውና። ስለዚህም የመዝገቡን ሕግና የሥራ እኩልነትን ሕግ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ጉዳዮች ማየት ስሕተት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ብቻ ነው ለሥራ ፈላጊው ጥበቃ የሚሆኑት።

ሁለቱ መዝገቦች

ብዙ ሰው «መዝገብ» ሲል አንድ ነገር ያለ ይመስለዋል፤ በሕጉ ግን ሁለት ልዩ ልዩ መዝገቦች አሉ። የእስራኤል የወንጀል ሕግ ጥፋቶችን እንደ ቅጣታቸው ጣሪያ በሦስት ይከፍላቸዋል፤ ከ3 ዓመት በላይ እስራት የሚያስከትለው «ፔሻዕ»፣ ከ3 ወር በላይ እስከ 3 ዓመት የሚያስከትለው «ዓቮን»፣ ከ3 ወር የማይበልጠው ደግሞ «ሔት» ይባላል። ፖሊስን በሥራው ማወክ፣ ፖሊስን መግፋት ወይም መምታት፣ የመንግሥት ሠራተኛን መስደብና ተራ ድብድብ በአብዛኛው በመካከለኛው እርከን፣ በ«ዓቮን»፣ ይመደባሉ፤ በዚህ ሐተታ «ቀላል መዝገብ» የሚባለውም በዋናነት ይኸው ነው። አንድ ሰው በ«ፔሻዕ» ወይም በ«ዓቮን» ጥፋተኛ ተብሎ ሲፈረድበት ስሙ በመጀመሪያው መዝገብ፣ በ«ሪሹም ፕሊሊ»፣ ማለትም በወንጀል መዝገብ ይሰፍራል።

ሁለተኛው «ሪሹም ሚሽታርቲ»፣ ማለትም የፖሊስ መዝገብ ነው። በዚህ ውስጥ የሚገባው ምርመራ ተጀምሮ ክስ ሳይመሠረት የተዘጋ ፋይል ሲሆን፣ ወሳኙ ነገር ፋይሉ የተዘጋበት ምክንያት ነው። ፋይሉ በ«ሖሴር አሽማ»፣ ማለትም ተጠርጣሪው ጥፋት ስለሌለበት ከተዘጋ ከመዝገብ ይወጣል፤ በ«ሖሴር ራዓዮት»፣ ማለትም በማስረጃ እጥረት፣ ወይም ክስ መመሥረት ከሁኔታው አንጻር ተገቢ ስላልሆነ ከተዘጋ ግን በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። አንድ ወጣት ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ፣ ቃሉን ሰጥቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም «ፋይልህ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ቤተሰቡ እፎይ ሊል ይችላል፤ ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር የተጻፈችውን የመዝጊያ ምክንያት ግን ብዙዎች ሳያስተውሏት ያልፋሉ። ከዓመታት በኋላ ወደ ፖሊስ ሠራዊት፣ ወደ ጸጥታ ተቋም ወይም መሣሪያ ወደሚያስይዝ የጥበቃ ሥራ ሲያመለክት የምትገጥመው ያቺ መስመር ናት።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ሁኔታ አለ። ፍርድ ቤት አንድ ሰው ድርጊቱን መፈጸሙን ካረጋገጠ በኋላም «ጥፋተኛ» ብሎ ሳይፈርድ በማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም በክትትል ትእዛዝ ብቻ ሊያልፈው ይችላል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ኬቴቭ» በተባለው ጉዳይ በ1997 ያጸናው መመዘኛ፣ የጥፋተኝነት ፍርድ የሰውየውን መታነጽ ክፉኛ የሚጎዳ መሆኑንና የጥፋቱ ዓይነት ፍርዱን ለመተው የሚፈቅድ መሆኑን ይጠይቃል። ስለዚህም ተከሳሹ በእጁ ያለውን ሥራ ወይም የተቀበለውን የሥልጠና ዕድል በማስረጃ ማቅረብ ከቻለ ለጉዳዩ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ያለው ችግር መመዘኛው ሥራ ላለው የሚጠቅመውን ያህል ገና ሥራ ለሚፈልገው አለመጥቀሙ ነው፤ የሚያጣውን ነገር በወረቀት ማሳየት የማይችል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ምን እንደሚያጣ ለማሳየት ይቸገራል።

መዝገቡ ከየት ይመጣል?

አሠሪ መዝገቡን ሲያይ አንድ ሰው ያደረገውን የሚያይ ይመስለዋል። መዝገብ ግን የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ አንዱ ሰውየው ያደረገው፣ ሌላው ፖሊስ የት ቆሞ ማንን እንደሚያስቆም። በሁለት ሰፈሮች ውስጥ ወጣቶች እኩል ቢያጠፉ፣ ፖሊስ አዘውትሮ የሚቆመው በአንደኛው ሰፈር ከሆነ መዝገብ የሚበዛው በዚያው ሰፈር ነው። በተለይም ፖሊስን ማወክና መስደብ የመሰሉት ጥፋቶች ልዩ ባሕርይ አላቸው፤ ፖሊስ ሰውየውን ባያስቆመው ኖሮ ብዙ ጊዜ የማይፈጸሙ፣ ከመቆሙ በፊት ምንም ወንጀል ያልነበረባቸው፣ ተጎጂውም ምስክሩም ያው ፖሊስ የሚሆንባቸው ጥፋቶች ናቸው።

ይህ ነገር በማኅበረሰቡ አባላት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቢቆይም በመንግሥት ሰነድ ላይ የሰፈረው ከታላቅ ተቃውሞ በኋላ ነው። በሚያዝያ 2015 በሖሎን ከተማ ወታደሩ ደማስ ፓካዳ የደንብ ልብሱን ለብሶ እያለ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ከወጣ በኋላ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሰላማዊ ሰልፎች ተካሄዱ፤ እነዚህን ተከትሎም በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በሐምሌ 2016 ባቀረበው ሪፖርት በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ የሚፈጸም ዘረኝነት መኖሩን ተቀብሎ 53 የውሳኔ ሐሳቦችን አስቀመጠ፤ በዚሁ መሠረትም በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚዋጋ የመንግሥት አስተባባሪ ክፍል ተመሥርቶ በጠበቃ አወቀ ኮቢ ዜና እንዲመራ ተደረገ። ሪፖርቱ በወጣ በቀጣዩ ወር የዚያን ጊዜው የፖሊስ ዋና አዛዥ ሮኒ አልሼይክ በጠበቆች ማኅበር ጉባኤ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቀው፣ ስደተኞችና ልጆቻቸው በወንጀል ውስጥ ከሌላው በበለጠ እንደሚገኙ፣ ስለዚህም ፖሊስ እነርሱን ከሌላው በበለጠ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ እንደሆነ የሚያስረዳ መልስ ሰጡ። መልሱ ብርቱ ቁጣን ያስነሣ ቢሆንም በአንድ ነገር ግን ለዚህ ጉዳይ ማስረጃ ነው፤ ጥርጣሬው ከድርጊት ይልቅ ከትውልድ እንደሚነሣ ከላይኛው ወንበር ተረጋግጧልና።

ሕጉ ራሱ ወደዚህ ጉዳይ የደረሰው በጥር 2021 ነው። ስሙን ከአማርኛው ቃል የወሰደው «ጠበቃ» የተባለው የሕግ ድርጅት ከሌሎች ጋር ባቀረበው አቤቱታ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ ማንኛውንም ሰው አስቁሞ መታወቂያ እንዲጠይቅ ይፈቅድ የነበረው የውስጥ መመሪያ ሕጋዊ መሠረት የለውም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ለወደፊቱ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ኋላ ሲታይ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ መታወቂያ በመጠየቅ ተጀምረው በክርክር የተባባሱና «ፖሊስን በማወክ» የተደመደሙት የቀድሞ ዓመታት ፋይሎች መነሻቸው ሕጋዊ ካልነበረ፣ በወጣቶቹ ስም ላይ እስከ ዛሬ የሚቆዩት በምን ሚዛን ነው?

ሕጉ የሚጠራቸውና የማይጠራቸው ምክንያቶች

በ1988 የወጣው የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ አሠሪ በቅጥር፣ በደመወዝ፣ በዕድገት፣ በሥልጠናና በስንብት እንዳያዳላ ይከለክላል። ሕጉ የተከለከሉትን ምክንያቶች በስም ይዘረዝራል፤ ከእነርሱም መካከል ጾታ፣ ዕድሜ፣ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የመጡበት አገር፣ አመለካከትና የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት ይገኙባቸዋል፤ የወንጀል መዝገብ ግን የለበትም። ስለዚህ «በመዝገቤ ምክንያት አልቀጥርህም ተባልሁ» የሚል ሰው በዚህ ሕግ ብቻ ተመርኩዞ በቀጥታ ቢከስ በር ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።

በሩ ግን ፈጽሞ የተቆለፈ አይደለም፤ በሁለት አቅጣጫ መግቢያ አለ። የመጀመሪያው የሕጉ ሁለተኛ አንቀጽ ራሱ ነው፤ ለሥራው አግባብነት የሌለውን ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥም እንደ አድልዎ ይቆጠራል ይላል። የሕግ ሰዎች ይህን «ተዘዋዋሪ አድልዎ» ይሉታል፤ ይህም ማለት ቅድመ ሁኔታው ለሁሉም እኩል የተጻፈ ቢመስልም ውጤቱ በአንድ ወገን ላይ በተለየ የሚከብድ ሲሆንና ሥራው ራሱ ያንን ቅድመ ሁኔታ የማይጠይቅ ሲሆን ማለት ነው። የቴል አቪቭ የሥራ ፍርድ ቤት የባቡር መሻገሪያ ጠባቂዎችን በሚመለከት ከ2009 ጀምሮ በታየው ጉዳይ፣ ጠባቂዎቹ የጦር አገልግሎት የፈጸሙ እንዲሆኑ መጠየቁ ከሥራው ጋር ሳይገናኝ አረብ ሠራተኞችን የሚያስወጣ ስለሆነ ሕገ ወጥ መሆኑን አመልክቷል። በዚሁ አካሄድ ዕቃ ለሚያሽግ ወይም መጋዘን ለሚያስተካክል ሠራተኛ «ምንም ዓይነት ፋይል የሌለበት» የሚል ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ አሠሪ፣ ያ ቅድመ ሁኔታ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲያስረዳ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ቅድመ ሁኔታው የኢትዮጵያ ተወላጆችን በተለየ የሚጥል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «የመጡበት አገር» የሚለው የተከለከለ ምክንያት በተዘዋዋሪ ገብቷል ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሁለተኛው መግቢያ «የመኖሪያ ቦታ» የሚለው ምክንያት ሲሆን፣ ለቂርያት ማላኪ የቀረበ ታሪክ አለው። በጥር 2012 በከተማዋ በሚገኙ አንዳንድ ሕንጻዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ከተነገረ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በከተማዋና በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ሰው ወደ አንድ ሰፈር እንዳይገባ በተከለከለ መጠን በሌላው ሰፈር ይከማቻል፤ የተከማቸበት ሰፈር ስም ደግሞ በሥራ ማመልከቻው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ይጻፋል። የእኩልነት ሕጉ በ2014 ተሻሽሎ «የመኖሪያ ቦታ» ከተከለከሉት ምክንያቶች አንዱ እንዲሆን መደረጉ ለእንደዚህ ያለ ከተማ ሰው ትርጉሙ ቀላል አይደለም።

ሕጉ በሥነ ሥርዓት በኩልም ለሥራ ፈላጊው የሚያግዘው ነገር አለው። ሥራ ፈላጊው አሠሪው ያወጣቸውን የብቃት መመዘኛዎች ማሟላቱን ካሳየ «የማስረዳት ሸክም»፣ ማለትም ነገሩን በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታ፣ ወደ አሠሪው ይዞራል፤ ፍርድ ቤቱም የገንዘብ ጉዳት ባይረጋገጥ እንኳ ካሳ ሊወስን ይችላል። ሕጉ የሚመለከተው ቢያንስ 6 ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ ነው። ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን፣ በዕብራይስጡ «ኔጺቩት ሺቭዮን»፣ አቤቱታ ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ራሱም ከሳሽ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ማን ይጠይቃል? ማን አይጠይቅም?

በኢትዮጵያ ከተሞች ለቅጥር «ከወንጀል ነፃ» የሚል የፖሊስ ማስረጃ መጠየቅ የተለመደ በመሆኑ፣ ብዙ ወላጆች በእስራኤልም አሠሪ ይህን ቢጠይቅ የሚገባው ይመስላቸዋል። የእስራኤል ሕግ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። የወንጀል መረጃ በመሠረቱ ምስጢር ነው፤ ሊያገኙት የሚችሉት በሕጉ በስም የተዘረዘሩ አካላት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም በቀጥታ ከፖሊስ እንጂ ከሥራ ፈላጊው እጅ አይቀበሉም። ማንኛውም ሰው የራሱን መዝገብ የማየት መብት አለው፤ ነገር ግን አሠሪ ይህን መብት ተጠቅመህ ያየኸውን አምጣ ብሎ ማስገደድ አይችልም፤ ይህን ማድረግ ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። በየቅጥር ቢሮውና «ኮአሕ አዳም» በሚባሉት ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅቶች ዘንድ ስሙ የሚነሣው «ተዑዳት ዮሸር»፣ ማለትም የመልካም ጠባይ ማስረጃ፣ የተዘጋጀው በዋናነት ለውጭ አገር ባለሥልጣናትና ለቪዛ ጉዳይ እንጂ ለአገር ውስጥ መጋዘን ወይም ፋብሪካ አይደለም።

የተለዩ ሥራዎች መኖራቸው ግን እውነት ነው፤ ምክንያታቸውም ሊከበር የሚገባው ነው። በ2001 የወጣው ሕግ ከሕፃናት ጋር ለሚሠራ አዋቂ ወንድ በጾታ ወንጀል ያልተፈረደበት መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ይህ ማረጋገጫ የሚናገረው ስለ ጾታ ወንጀል ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ ቀላል ጥፋት የተፈረደበት ሰው በዚህ ማረጋገጫ ምክንያት መፍራት የለበትም። መሣሪያ ለሚይዝ ጠባቂ፣ ለአውቶቡስና ለታክሲ ሹፌር፣ ለአንዳንድ የመንግሥት ሥራዎችም ምርመራ አለ። በጦር ሠራዊት ያለፈ ሰው ደግሞ አንድ ልዩነት ማወቅ ይጠቅመዋል፤ በአዛዥ ፊት የሚሰጥ የዲሲፕሊን ቅጣት የወንጀል መዝገብ አይሆንም፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚሰጥ የጥፋተኝነት ፍርድ ግን ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡን ለመርዳት ከጦር ሰፈሩ ጠፍቶ ሥራ የሠራ ወታደር የሁለቱን ልዩነት ሳያውቅ ከሠራዊት የሚወጣ ከሆነ፣ ዋጋውን በሲቪል ኑሮው ይከፍላል።

እዚህ ላይ የአሠሪውን ክርክር በቅንነት ማየት ያስፈልጋል። ገንዘብ ለሚይዝ ሠራተኛ የስርቆት ፍርድ፣ መሣሪያ ለሚይዝ ጠባቂ የአመፅ ፍርድ ግንኙነት አለው፤ ደንበኛን፣ ሠራተኛንና ሕፃናትን የመጠበቅ ኃላፊነትም የአሠሪው ነው። ክርክሩ የሚፈርሰው አሠሪው መዝገቡን ሳይመዝን ሁሉንም በአንድ ወንፊት ሲያበጥር ነው። በ19 ዓመቱ ከፖሊስ ጋር ተከራክሮ የተቀጣና ዛሬ 30 ዓመት የሞላው ሰው ስለ መጋዘን ሥራ ብቃቱ መዝገቡ የሚናገረው ነገር የለም። በመንግሥት በኩልም ተመሳሳይ ጉድለት አለ፤ በ2011 የመንግሥት ሠራተኞች ሹመት ሕግ ተሻሽሎ የኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲያገኙ ተደንግጓል፤ ነገር ግን ለውክልና የተከፈተው በር ቀላሉን መዝገብ ያለ ሚዛን የሚቆጥር ከሆነ አንዱ ሕግ የሰጠውን ሌላው ይወስደዋል።

ሲታይም ሲደበቅም

የሌላው ዓለም ልምድ መዝገብና ዘር እንዴት እንደሚተሳሰሩ በቁጥር አሳይቷል። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴቫ ፔጀር በ2003 ባሳተመችው ጥናት፣ በሚልዋኪ ከተማ በትምህርትና በልምድ ተመሳሳይ የሆኑ ወጣቶችን ወደ 350 አሠሪዎች ላከች፤ የወንጀል መዝገብ ከሌላቸው ነጮች 34 በመቶው፣ መዝገብ ካላቸው ነጮች 17 በመቶው፣ መዝገብ ከሌላቸው ጥቁሮች 14 በመቶው፣ መዝገብ ካላቸው ጥቁሮች ደግሞ 5 በመቶው ብቻ መልሰው ተጠሩ። መዝገብ ያለበት ነጭ መዝገብ ከሌለበት ጥቁር የተሻለ ዕድል ነበረው ማለት ነው፤ ቆዳው እንደ ፍርድ ወረቀት ተነበበ።

ይህን ለማስተካከል ሐዋይ በ1998 የጀመረችውና በኋላ ብዙ ግዛቶችና ከተሞች የተከተሉት ሕግ፣ አሠሪ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ስለ ወንጀል መዝገብ እንዳይጠይቅ ከለከለ። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ጎን ነበረው። አማንዳ ኤጋንና ሶንያ ስታር በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ከተማ ሕጉ ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ 15,000 ያህል የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልከው በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥያቄው ይጠየቅባቸው በነበሩት ድርጅቶች ነጮች ከጥቁሮች በ7 በመቶ ብቻ ይበልጥ ይጠሩ የነበሩት ጥያቄው ከተነሣ በኋላ በ43 በመቶ ይበልጡ ጀመር። መረጃውን ያጣው አሠሪ በስሙ ገምቶ ወሰነ፤ መዝገብ የሌለበት ጥቁር ወጣትም መዝገብ እንዳለበት ተቆጠረ።

ይህ ጥናት ለእስራኤል ልዩ ትምህርት አለው፤ ምክንያቱም የእስራኤል ሕግ መረጃውን ለአብዛኛው አሠሪ ገና ከመነሻው ዘግቶታል። መረጃው የተዘጋበት፣ የፖሊስ ዋና አዛዥ ጥርጣሬ ተፈጥሯዊ ነው ያሉበትን አገር ዜና የሚሰማ አሠሪ፣ በማመልከቻው ላይ ኢትዮጵያዊ ስምና «ቂርያት ማላኪ» የሚል አድራሻ ሲያይ በልቡ የሚሞላው ባዶ ቦታ አለ። ስለዚህ መዝገብን መደበቅ ብቻውን አያድንም፤ የመደበቁ ሕግ የሚጠቅመው የእኩልነት ሕጉ በትጋት ሲሠራ ነው። በአሜሪካም ፍርድ ቤቶች የደረሱበት መፍትሔ መዝገብን ከመደበቅ ይልቅ መመዘን ነበር፤ በ1975 ሚዙሪ ፓስፊክ በተባለው የባቡር ድርጅት ላይ በተሰጠው ውሳኔ መሠረት አሠሪ የጥፋቱን ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜና የሥራውን ባሕርይ ሳያይ የተፈረደበትን ሁሉ ማባረር እንደሌለበት የጸና ሲሆን፣ የአገሪቱ የሥራ እኩልነት ኮሚሽንም በ2012 ባወጣው መመሪያ እነዚሁን ሦስት ሚዛኖች አጽንቷቸዋል።

የስረዛ መንገድ

ሕጉ መዝገብ ለዘላለም እንዲኖር አይፈልግም። የመጀመሪያው እርከን «ይርጋ» ነው፤ የተወሰነ ዘመን ካለፈ በኋላ መረጃው ለጥቂት አካላት ካልሆነ በቀር አይሰጥም። ሁለተኛው «ስረዛ» ነው፤ ስረዛ ከተፈጸመ ሰውየው በሕግ ፊት እንዳልተፈረደበት ሰው ይቆጠራል። በ1981ዱ ሕግ እስራት ያልተፈረደበት አዋቂ ይርጋውን 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስረዛውን 10 ዓመት፣ በድምሩ 17 ዓመት ይጠብቅ ነበር፤ በ20 ዓመቱ የተቀጣ ሰው መዝገቡ የሚሰረዘው 37 ዓመት ሲሞላው ነው ማለት ነው። ለልጆች የተሰጠው ዘመን አጠር ያለ ሲሆን አዲሱ ሕግም ጊዜያቱን በከፊል አሳጥሯል። ያም ሆኖ ሰው ሙያ የሚይዝበት፣ ትዳር የሚመሠርትበትና ቤት የሚገዛበት ዘመን ከመጠበቂያው ዘመን ጋር ገጥሞ ያልፋል።

ይህን ዘመን ማሳጠር የሚችለው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። በ2018 ፕሬዚዳንት ሬውቬን ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ አየለት ሻኬድ በቀላል ጥፋት የተፈረደባቸው የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶች መዝገባቸው እንዲሰረዝ እንዲያመለክቱ ጥሪ ማድረጋቸው የመዝገቦቹ አመጣጥ ትክክል እንዳልነበር መንግሥት የተቀበለበት እርምጃ ስለሆነ ትልቅ ዋጋ አለው። ጉድለቱ ግን ሸክሙን በወጣቱ ጫንቃ ላይ መተዉ ነው። ማመልከቻው ሰነድ መሰብሰብ፣ ያለፈውን ጉዳይ እንደገና መናገር፣ ምሕረት መለመን ይጠይቃል። በጨዋ አስተዳደግ ያደጉ ብዙ ወጣቶች ደግሞ በደል ደርሶብናል በሚሉበት ጉዳይ ይቅርታ ጠያቂ ሆነው መቅረብ ይከብዳቸዋል፤ አንዳንዱም ወላጆቹ እንዳይሰሙ ሲል ጉዳዩን ፈጽሞ አያነሣውም። መንግሥት ስሕተቱ የአሠራር መሆኑን ካመነ እርማቱም የአሠራር መሆን ይገባዋል፤ ፋይሎቹን በራሱ አንሥቶ፣ መነሻቸው ያለ በቂ ጥርጣሬ የተደረገ ማስቆም የሆኑትንና ከዚያ ውጭ ጥፋት የሌለባቸውን ለይቶ ማውጣት አለበት።

እስከዚያው ድረስ ሥራ ፈላጊው በእጁ ያለውን መብት ማወቁ ግድ ነው። ማመልከቻ ከማስገባት በፊት የራስን መዝገብ ማየት፣ የተዘጋ ፋይል ካለ የመዝጊያውን ምክንያት ማንበብ፣ ምክንያቱ «ሖሴር ራዓዮት» ሆኖ ጥፋት ካልነበረ ወደ «ሖሴር አሽማ» እንዲለወጥ በጽሑፍ መጠየቅ፣ መዝገቡን እንዲያመጣ የሚጠይቅ አሠሪ ሲገጥም ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግና ወደ ኮሚሽኑ፣ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ወይም እንደ «ጠበቃ» ወዳሉ ድርጅቶች መውሰድ ይቻላል። መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከ2005 ጀምሮ በገደራ ሻፒራ ሰፈር የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶች የጀመሩትና «ሐቬሪም በቴቫ» የተባለው እንቅስቃሴ፣ ሰፈሩ የራሱን ልጆች በራሱ ሰዎች ሲይዝ ከፖሊስ በፊት የሚደርስ ታላቅ ወንድም እንደሚገኝ አሳይቷል።

የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ይህን ጉዳይ ከሌላ አገር መማር አያስፈልገውም። በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ጥፋት ሲፈጸም ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አጥፊው ያጠፋውን ያምናል፣ ካሳ ይቆረጥበታል፣ እርቅ ይወርዳል፤ ከእርቅ በኋላ ያንን ጉዳይ መልሶ የሚያነሣ ሰው እርቅ አፍራሽ ተብሎ የሚወቀሰው እሱ ነው። የሚሽና ሊቃውንትም ንስሐ የገባን ሰው የቀድሞ ሥራውን እያስታወሱ ማሳፈርን ከቃል በደል ቆጥረውታል። ሁለቱም ትውፊቶች የሚስማሙት ካሳ የሚከፈለው ነገሩ እንዲያበቃ ነው በሚለው ላይ ነው። የቅጥር ጠረጴዛ ግን ካሳው ተከፍሎ እርቁ ያልወረደበት ቦታ ሆኗል። አንድ ወጣት ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ሙያ ተምሮ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ የሠራው ኑሮ የቆመ ቤት ነው፤ ከግድግዳው መካከል አንዲት እንጨት ለማውጣት ሲባል ያን ቤት ማፍረስ ሕጉ ራሱ ስሙን የወሰደበትን ድንጋጌ መሻር ነው።